«ተውለት፣ ታናሽህ ነው»

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ለውጭ ዜጎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን ከከለከለች ወዲህ፣ ፓስፖርት የቀየርን ሰዎች የምናሳድገው ልጅ ከምንኖርበት አገር ሊሆን ይችላል። አማርኛ አይሰማም፤ የበርበሬ ሽታ ያስነጥሰዋል። እኛ ግን በገባ ሳምንቱ ዘመድ ወዳጅ ጠርተን ከእቅፍ ወደ እቅፍ ስናዞረው እንውላለን። እናቱ ማን እንደሆነች ገና አልለየም እኮ! ድግሱ ይቆየን፤ ለጊዜው የሚያበላውም የሚያስተኛውም ወላጆቹ ብቻ ይሁኑ።

ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ ቤት የቆየው ልጅ ነው። «ወንድም አምጡልኝ» ሲል ከርሞ፣ የመጣው ወንድም መኪናውን ሲሰብርበት «ተውለት፣ ታናሽህ ነው፣ ያሳዝናል» ይባላል። ካለቀሰ «ቀናተኛ!» መቅናቱ ምን ይገርማል? ማንም የማይነካበት አንድ መደርደሪያ ይኑረው። በሳምንት አንድ ቀን እናቱ ወይም አባቱ እሱን ብቻ ይዘው ይውጡ፣ ኳስ ሜዳም ቢሆን። ሁለቱ እስኪላመዱ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያው «ሳመው» እያሉ ማስገደዱ ይቅር።