ምንም የማይወሰንበት ቀጠሮ

«ታካሚው ቀጠሮ አያከብርም።» ሥር የሰደደ ሕመም ክትትል ባለበት ሆስፒታል ሁሉ ይህ አቤቱታ ይሰማል። ስለ መገጣጠሚያ ሕመምተኞች ሲነሳ ማብራሪያውም አብሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ግንዛቤ የላቸውም፣ ፀበል ይሄዳሉ፣ ትንሽ ሲሻላቸው ይጠፋሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ግን ይህ ማብራሪያ ጥፋቱን ሁሉ በታካሚው ጫንቃ ላይ ጥሎ ምርመራ ክፍሉን ነፃ ያወጣል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ብዙው ሰው ቀጠሮውን የሚተወው በቀጠሮው ላይ ምንም ስለማይወሰን ነው። ሄዶ ያገኘውን ለመሄድ ካወጣው ጋር ያስተያያል፣ ሒሳቡ አልመጣ ይለዋል፣ ይቀራል።

እዚህ የማነሳው ሩማቶይድ አርትራይተስን ነው። በየሰፈሩ ከሪህና ከቁርጥማት ጋር ተደባልቆ ይጠራል፣ «ብርድ ነው» ተብሎም ይታለፋል፤ በሽታው ግን የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዳለባቸው ገምቷል፤ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከእጅ ጣቶችና ከእጅ አንጓ ይጀምራል። ጠዋት ጣቶች ተሳስረው ያድራሉ፣ እስኪፍታቱ ሰዓት ያልፋል። ካልታከመ መገጣጠሚያውን እየበላ ይሄዳል፤ አንዴ የተጣመመን ጣት ደግሞ መድኃኒት አያቃናውም።

ደብረ ብርሃን ላይ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ የገባች ሴት እናስብ። ጠዋት የሊጡን ባልዲ ክዳን ለመክፈት ልጇን ትጠራለች። አክንባሎውን በሁለት መዳፏ አቅፋ ነው የምታነሳው፤ በጣቶቿ መያዝ ከተወች ቆይታለች። ቀጠሮዋ አዲስ አበባ ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር። ወይ ከዋዜማው ገብታ ዘመድ ቤት ታድራለች፣ ወይ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ መኪና ትጠብቃለች። ካርድ ክፍል ትሰለፋለች። ላብራቶሪ ስትደርስ «ሪኤጀንት የለም፣ ውጪ ያሠሩ» ትባላለች። ከግል ላብራቶሪ ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ከሰዓት ሆኗል። የዛሬው ሐኪም ያለፈው ሐኪም አይደለም፤ ካርዱን ፈጠን ፈጠን አድርጎ ያገላብጣል።

«እንዴት ነዎት እናቴ? ለውጥ አለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ዶክተር።»

አለቀ። ሐኪሙ «ለውጥ አለ» ብሎ ይጽፋል፣ ያንኑ መድኃኒት ይደግማል፣ ከሦስት ወር በኋላ ይቀጥራል። ሁለቱም አልዋሹም። እኛ አገር ግን ታላቅ ሰው፣ ያውም ሐኪም ፊት፣ «እንዴት ነዎት?» ሲባል የሚመልሰው በምስጋና ነው፤ እግሩን እየጎተተ የገባም «ደህና» ይላል። የሩማቶሎጂ ሐኪሞች የበሽታውን ጉልበት ለመለካት 28 መገጣጠሚያዎችን አንድ በአንድ እየተጫኑ ያበጠውንና የሚያመውን ይቆጥራሉ። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ለዚያ ጊዜ ከሌለ እንኳ «ጠዋት ተነስተው ጣትዎ እስኪፍታታ ስንት ሰዓት ይቆያል? አክንባሎውን በአንድ እጅ ያነሳሉ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻውን መልስ አይሆንም። መልሱ ደግሞ ውሳኔ ይጠይቃል፤ መድኃኒቱ ይጨመር? ይቀየር?

ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ የሁለት ቀን እንጀራ አልተጋገረም፤ ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም። የጤና መድን አባል ትሆን ይሆናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቤተሰብን ከሕክምና ወጪ ታድጓል። የመኪናውን፣ የማደሪያውንና ሥራ የተፈታበትን ቀን ግን ማንም አይከፍልላትም። ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ያንኑ ወረቀት ይዛ የተመለሰች ሰው በሦስተኛው ብትቀር ግንዛቤ አጥታ ነው ማለት ይከብዳል። መድኃኒቱን ልጇ በድሮው ማዘዣ ሊገዛላት ይችላል።

መድኃኒቱም የራሱ ጣጣ አለው። የዚህ ሕመም ዋና መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። ርካሽ ነው፣ በሽታውን ከሥሩ ይገታል፣ ግን ቀስ ይላል፤ ለውጡ እስኪታይ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስህተት በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል። እንግዲህ አስቡት። ቤት ገብታ ልጇ የመድኃኒቱን መግለጫ ወረቀት ሲያነብላት «ካንሰር» የሚል ቃል ይወጣል፤ በከፍተኛ መጠን ለካንሰርም ስለሚሰጥ ነው። የነገራት ሰው የለም። አንድ ወር ወስዳ ጣቷ እንደታሰረ ነው። ሆዷን እያቅለሸለሸ፣ በካንሰር እያስፈራራ፣ ምንም ያልሠራላትን መድኃኒት ለምን ትቀጥል? ሊሠራ ሲል ትተወዋለች። የሦስት ወሩ ቀጠሮ ሲደርስ ደግሞ መድኃኒቱን ስለተወች ቁጣ ትፈራለች፤ ቁጣ ፈርቶ መቅረት፣ በእኔ ግምት፣ ከፀበሉ ይልቅ ብዙ ሰው ያስቀራል። ልጅ መውለድ የሚፈልጉ ወጣት ሴቶች ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። መድኃኒቱ ፅንስ ስለሚጎዳ ከማርገዝ በፊት መቆም አለበት፤ ነገሩን ከሐኪም ጋር መነጋገር ያሳፈራት በራሷ አቁማ ትጠፋለች።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ ፈጣን ተፎካካሪ አለ። መድኃኒት ቤት ገብቶ «ለቁርጥማት የሚሆን» ያለ ሰው ያለ ማዘዣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ይዞ ሊወጣ ይችላል። እነዚህ በቀናት ውስጥ ያስነሳሉ። ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ ማዮ ክሊኒክ የእነዚሁ ዘመድ የሆነውን ኮርቲሶን ለሩማቶይድ ታካሚ ሲሰጥ የታየው ለውጥ ዓለምን አስደንግጦ በሁለት ዓመቱ ለኖቤል ሽልማት አብቅቷል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱን ያወቅነው ትንሽ ቆይተን ነው። ዛሬም ያው ነው። ጣት ይፈታል፣ ፊት ሞላ ይላል፣ ጎረቤትም «ተመችቶሻል» ይላል። አጥንቱ እየሳሳ፣ ስኳርና ደም ግፊቱ እየጨመረ፣ መገጣጠሚያውም ውስጥ ውስጡን እየተበላ ሊሆን ይችላል። በዚህ መሀል ግን ሴትዮዋ እንደገና መጋገር ጀምራለች። ዶክተሩ በሦስት ወር ያልሰጣትን መድኃኒት ቤቱ በሦስት ቀን ሰጣት።

ከዚህ ሁሉ በላይ በሽታው በቀን መቁጠሪያ አይሄድም። ይነሳል፣ ይተኛል። ቀጠሮው በተኛበት ሳምንት ሲውል ለመሄድ ምክንያት የለም፤ በተነሳበት ሳምንት ሲውል አውቶቡስ ላይ መውጣት አይቻልም። በተነሳበት ቀን እንደምንም ብትሄድ ደግሞ «ቀጠሮዎ አልደረሰም» ልትባል ትችላለች።

ታዲያ ቀጠሮ አያስፈልግም? እ.ኤ.አ. በ2004 ከስኮትላንድ ከተማ ከግላስጎ የወጣ ጥናት ተቃራኒውን ያሳያል። ከ110 ታካሚዎች ግማሹ እንደወትሮው በየሦስት ወሩ ሲታዩ ግማሹ በየወሩ ታዩ፤ በየወሩም መገጣጠሚያቸው ተቆጥሮ፣ በሽታው ካልተኛ መድኃኒቱ ይጨመር ነበር። ከ18 ወር በኋላ በሽታው የተኛላቸው ከወትሮዎቹ 16 በመቶ፣ ከወርኃዊዎቹ 65 በመቶ ሆኑ። አዲስና ውድ መድኃኒት አልተጨመረም፤ ሁለቱም ወገን የታከመው በተለመዱት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከእንግሊዝ ከተማ ከብሪስቶል እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አለ። ሕመማቸው የቆየ 209 ታካሚዎችን ስድስት ዓመት ተከታተለ። ግማሾቹ መደበኛ ቀጠሮ አልነበራቸውም፤ ሲብስባቸው ደውለው ፈጥነው ይታያሉ። የእነዚህኞቹ የሆስፒታል ቀጠሮ በ38 በመቶ ቀነሰ፣ ጤናቸው ግን ከሌሎቹ አልባሰም።

ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አንድ ነገር ነው የሚሉት። ግላስጎ ላይ መመላለስ የጠቀመው እያንዳንዱ ቀን ውሳኔ ስለነበረው ነው። ብሪስቶል ላይ መቅረት ያልጎዳው የተሰረዙት ቀኖች ውሳኔ ስላልነበራቸው ነው። የእኛው የሦስት ወር ቀጠሮ የሁለቱንም ጥቅም አጥቷል፤ ለጀማሪው ይረዝማል፣ ለረጋው ይበዛል።

«የውጭ አገር ነው» ለሚል እዚሁ ምስክር አለ። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ያን ክትትል የያዘው ያው ድሃ፣ ያው ሩቅ አገር የሚኖር፣ ያው ፀበል የሚሄድ ሕዝብ ነው። ልዩነቱ አደረጃጀቱ ነው። አገልግሎቱ ጤና ጣቢያ ድረስ ወረደ። ራሳቸው ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ተቀጥረው አዲስ ታካሚ መከሩ፣ የቀረውን በስልክና በአካል ፈለጉ። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ፀበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ የረጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይዞ ይሄዳል። እርግጥ ከጀርባው ብዙ የውጭ ገንዘብ ነበረው፤ ለመገጣጠሚያ ሕመም ያን ያህል ገንዘብ የሚያመጣ የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከሐኪሞቹ ነው፤ «እኛ ጥቂት ነን፣ ሁሉንም በየወሩ ማየት አንችልም»። ልክ ናቸው። የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት አገሪቱ ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። ግን ጥቂት መሆናቸው ነው የረጋውን ታካሚ ከወረፋው ማውጣት ግድ የሚያደርገው። ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው ጉበቱና የደም ሕዋሱ በየጊዜው መታየት አለበት፤ በዚህ ላይ ብሪስቶልን እንዳለ መቅዳት አይሆንም፣ እዚያ የሰፈር ሐኪምና ላብራቶሪ አለና። ምርመራው ግን አቅራቢያ ባለ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ሊሠራ፣ ውጤቱም በስልክ ሊላክ ይችላል። የተለቀቀው ወንበር ባለፈው ወር ጣቱ ያበጠው አዲስ ሰው የሚቀመጥበት ይሆናል፤ ይህ በሽታ በመጀመሪያ ወራቱ ሲያዝ ነው በደንብ የሚገታው።

የላብራቶሪው ነገር በጀትና ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ይዘገያል። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ በስልክ እጀምራለሁ። አንዲት ነርስ፣ አንድ የክትትል ክፍል ስልክ፤ ሜቶትሬክሴት የጀመረ ሰው ሁሉ በሦስተኛው ሳምንት ይደወልለት፣ ገና ሊሠራ እንደሆነና በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚወሰድ ይነገረው። ቁጥሩ በካርዱ ላይ ይጻፍለት፣ ሲብስበት ቀኑ ሳይደርስ እንዲደውል። የቀረውም ይደወልለት፤ ደዋይዋ ግን «ለምን ቀሩ?» ብላ አትጀምር።