እንቁላሉን በእግሩ የሚያስኬደው ማን ነው?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌ በአገራችን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቀው የለም። ተማሪው ትምህርቱ ሲከብደው፣ አዲስ የተቀጠረው ሠራተኛ ደመወዙ ሲያንሰው፣ አጽናኙ ሁሉ የሚያቀርብለት ይህንኑ ቃል ነው። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው። እንቁላል ቀን ስላለፈለት ብቻ እግር አያወጣም፤ ታቃፊ ሳያገኝ ቀን ያለፈበት እንቁላል ይበሰብሳል እንጂ አይሄድም። በእግሩ የሚያስኬደው ታቃፊው ነው። ታቃፊውም ይህን ሊያደርግ የሚችለው የሚቀመጥበት ቦታ፣ የሚበላው ምግብና ሳይረበሽ የሚቆይበት ሰላም ሲያገኝ ነው።

ይህን ያነሣነው ስለ ትዕግሥት ለመስበክ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ ዳር ጎጆ ሠርተው ስለሚኖሩ ወፎች ለመናገር ነው እንጂ። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው እነዚህን ወፎች ያውቃቸዋል፤ ስማቸውን ባያውቅ እንኳ ድምፃቸውን ያውቃል። ራሳቸው፣ ደረታቸውና ጅራታቸው እንደ ታጠበ ነጠላ ነጭ ነው፤ ሆዳቸው ቀይ ዳማ፣ ክንፋቸው ጥቁር ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ከውሃው ዳር ባለው ረጅም ዛፍ ላይ ተቀምጦ አንዱ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮኽ ሁለተኛው ከተል ብሎ ይመልስለታል። ይህ ዓሣ አዳኝ ንስር ነው። ዛምቢያ ይህን ወፍ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ አኑራዋለች። እኛ ደግሞ ከሰንደቅ ዓላማ ላይ ሳይሆን ከነሕይወቱ ከደጃችን አለን።

ከእርሱ ጋር የሚምታታ ሌላ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አለ፤ እንግሊዞች ኦስፕሬይ ይሉታል። እርሱ በአውሮፓ ብርድ ሲበረታ ወደ አፍሪካ የሚወርድ መንገደኛ ነው። በአገራችን ሐይቆች ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ይታያል፤ ጎጆውን የሚሠራውና እንቁላሉን የሚጥለው ግን በመጣበት አገር ነው። እንግዳ ነውና ቤት አይሠራም። ዓሣ አዳኙ ንስር ግን ባለአገር ነው፤ ልጁንም የሚያሳድገው እዚሁ በእኛው ዛፍ ላይ፣ በእኛው ዓሣ ነው።

የሁለቱ ወፎች ትዳር ሊጠና የሚገባው ነው። ባልና ሚስት ሆነው አንድ ጊዜ ከተጣመሩ በኋላ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱን ጎጆም በየዓመቱ እየጠገኑ፣ እንጨት እየጨመሩ ይጠቀሙበታል። በዚህም ምክንያት ጎጆው እያደር ይሰፋና ወርዱ ከአንድ ሜትር በላይ ይሆናል። ሴቲቱ ከወንዱ ትበልጣለች፤ የእርሷ ክብደት ከሦስት ኪሎ ሲያልፍ የእርሱ ከሁለት ኪሎ ተኩል ብዙም አያልፍም። አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው ሁለት እንቁላል ነው፤ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴም ሦስት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከ42 እስከ 45 ቀን ድረስ መታቀፍ አለ። የሚበዛውን ጊዜ የምትታቀፈው ሴቲቱ ናት፤ ወንዱ ዓሣ እያመጣ ይመግባታል፤ እርሷ ስትነሣም ተተክቶ ይታቀፋል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ደግሞ ለመብረር ከሁለት ወር በላይ ይፈጅባቸዋል። ሁሉም ሲደመር ወደ አራት ወር የሚጠጋ ሥራ ነው።

በእነዚህ አራት ወራት ውስጥ ለጎጆው ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ዛፍ፣ ዓሣና ሰላም። ሦስቱንም መስጠትም ሆነ መንሣት በሰው እጅ ነው። ስለዚህ ነገሩ የወፍ ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አስቀድመን ዛፉን እንመልከት። ይህን የመሰለ ከባድ ጎጆ የሚሸከመው ለጋ ባሕር ዛፍ አይደለም፤ ቅርንጫፉ የሰፋ፣ ግንዱ የጠና፣ ውሃውን ከላይ ሆኖ የሚያሳይ አሮጌ ዋርካ ወይም ሾላ ነው። እንዲህ ያለው ዛፍ በአንድ በጀት ዓመት ተተክሎ አይደርስም፤ የተከለው ሰው ልጅ ሲያረጅ የሚደርስ ነው። በጣና ዙሪያ እንዲህ ያሉ ዛፎች በብዛት የተረፉት በደሴቶቹ ገዳማትና በዘጌ ነው። በዘጌ ምድሩን በበሬ ማረስና ከብት ማርባት በቆየ የአካባቢው ሥርዓት ክልክል ሆኖ ስለኖረ፣ ሕዝቡ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየተከለ ኖረ፤ ደኑም ተረፈ። ይህን ሥርዓት ያወጡት አባቶች ስለ ዓሣ አዳኝ ንስር አስበው ይሁን አይሁን ለጉዳዩ ለውጥ አያመጣም። ዋናው ነገር «ይህ አይነካም» ተብሎ የተወሰነ ውሳኔ ለብዙ ትውልድ መጠበቁ ነው።

ባሕር ዳር ግን ደሴት አይደለችም፤ በየዓመቱ የምታድግ ከተማ ናት። ሰው ሁሉ ቤቱን፣ ሆቴሉንና መዝናኛውን ውሃው አጠገብ መሥራት ይፈልጋል። ፍላጎቱ ነውር አይደለም። ነገር ግን ቤት ከውሃው ራቅ ብሎ ቢሠራም ቤት ነው፤ ጎጆ የተሸከመ ዋርካ ግን አንዴ ከተቆረጠ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውሮ አይተከልም። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የጣናን አካባቢ በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ይህ ትልቅ ክብር ነው። ክብሩ ግን ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ በውሃው ዳር በቆመው ዛፍ ይለካል።

ሁለተኛው ዓሣው ነው። ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ይህ ሐይቅ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ስሙ የተነሣው በተለይ ላቤዮባርበስ በሚባሉት ዓሦቹ ነው፤ ከአሥር የሚበልጡት ዓይነቶቻቸው ከጣናና ከገባሮቹ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። ሥራው ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ። ነገር ግን መረቡ በወንዞቹ አፍ ላይ እየተዘረጋ፣ እንቁላሏን ልትጥል የምትወጣውን እናት ዓሣ ከመንገድ ላይ መያዝ ጀመረ። ከዚህ የተነሣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የላቤዮባርበስ ዓሣ ምርት ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ታቃፊዋን ከጎጆዋ መንጠቅና እናት ዓሣን ከወንዝ አፍ ላይ መያዝ አንድ ዓይነት ጥፋት ነው፤ ሁለቱም የነገውን በዛሬ መብላት ነው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም ውሃውን ሲሸፍነው ለአጥማጁም ለንስሩም መንገድ ይዘጋል። ንስር የሚያድነው ከላይ የሚያየውን ነውና፣ በአረም ከተሸፈነ ውሃ ውስጥ ዓሣ አይነጥቅም።

ሦስተኛው ሰላም ነው። ሰላም ስንል የጀልባና የሰው ጩኸት አለመኖርን ብቻ ማለታችን አይደለም። ሳይታይና ሳይሰማ ወደ ጎጆው የሚገባ ጠላት አለና ነው። ለዚህም ከሌላ አገር የሆነውን መናገር ይጠቅማል።

በአሜሪካ አገር የኮነቲከት ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ 200 የሚጠጉ የኦስፕሬይ ጎጆዎች ነበሩ። በ1965 ሲቆጠሩ የተገኙት 12 ብቻ ነበሩ። ወፎቹን በጥይት የጨረሳቸው የለም፤ ዛፎቹም አላለቁም። ነፍሳትን ለማጥፋት የተረጨው ዲዲቲ ከመሬት ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ትንሹ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ እየተላለፈ፣ እየተጠራቀመም ሄዶ ከወፊቱ ሰውነት ገባ። የእንቁላሏ ቅርፊት ሳሳ። ልታቅፈው ስትቀመጥበትም ከክብደቷ በታች ተሰበረ። እናት የገዛ እንቁላሏን በመታቀፍ ሰበረችው ማለት ነው። ጉዳቱ ሲታወቅ አገሪቱ በ1972 ዲዲቲን ለእርሻ ሥራ እንዳይውል ከለከለች፤ ወፎቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ።

ስለ ዲዲቲ ስንናገር ውለታውን አንክድም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን ደጋማ ክፍሎች በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል፤ ይህን መከራ ላየ ሕዝብ የሚረጨው መድኃኒት በረከት ነበር። ችግሩ መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሶ አለመጥፋቱ ነው። በዚምባቡዌና በዛምቢያ መካከል ባለው በካሪባ ሐይቅ በዓሣ አዳኝ ንስር እንቁላል ውስጥ ተገኝቷል፤ በአገራችንም በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሦች ውስጥ ቅሪቱ ተገኝቷል። በጣና ዙሪያ በሩዝና በጫት እርሻዎች ላይ የሚረጩት ልዩ ልዩ ኬሚካሎችም መጨረሻቸው ዝናብ ጠርጎ የሚያወርዳቸው ወደዚያው ሐይቅ ነው። ሐይቁ የሚመልሰውን ዓሣ ደግሞ ንስሩ ብቻውን አይበላውም፤ እኛም እንበላዋለን። ንስሩ ከእኛ ቀድሞ የሚቀምስ ቀማሽ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በዚህ ጊዜ «ሰው ሳይጠግብ ስለ ወፍ ጎጆ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ንግግሩ ከሩኅሩኅ ልብ የሚወጣ ስለሆነ አንንቀውም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ የሰውና የወፉ ጥቅም አልተለያየም። በታንኳ ወጥቶ መረቡን የሚጥለው አጥማጅና ዛፍ ላይ ሆኖ የሚጠብቀው ንስር የሚኖሩት በአንድ ዓሣ ነው። ዓሣው ሲያልቅ ንስሩ በርሮ ይሄዳል፤ አጥማጁ ግን ቤተሰቡን ይዞ የሚበርበት የለም።

ጎጆን መጠበቅ ገንዘብ የማያመጣ ሥራ ነው ለሚለውም መልስ አለ። በስኮትላንድ ኦስፕሬይ በአዳኞችና በእንቁላል ሰብሳቢዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1916 ጠፍቶ ነበር። በ1950ዎቹ ጥቂቶቹ ሲመለሱ በሎክ ጋርተን ሐይቅ አጠገብ ጎጆ ሠሩ፤ በ1958 ግን ሌባ በሌሊት ዛፉ ላይ ወጥቶ እንቁላሎቹን አጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ጠባቂዎቹ ጎጆውን ከመደበቅ ይልቅ ራቅ ባለ ቦታ ዳስ ሠርተው፣ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ተክለው ሕዝቡን ጋበዙ። በዚያ ዓመት ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ሰው መጥቶ አየ። ምስጢር የነበረው ጎጆ የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ ሕዝቡም ጠባቂው ሆነ። ዛሬ በብሪታንያ ከ200 ጥንድ በላይ ኦስፕሬይ ይራባል። ጣናን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ገዳማቱን ካየ በኋላ አንድ ቀን ጨምሮ የሚያድርበትን ምክንያት ብንፈልግ ከዚህ የተሻለ አናገኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኛ የምንለው በእጅ ያለውን ነው። የውሃ ዳር ቦታ እንዲሰጥ ማመልከቻ የሚቀርብለት ወጣት ሹም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «በቦታው ላይ ጎጆ የተሸከመ ዛፍ አለ ወይ?» ካለ ዛፉ በፕላኑ ላይ ይመልከት፤ ግንባታው ከዛፉ ይራቅ፤ የመቆፈሩና የማፍረሱ ሥራም ከመታቀፊያው ወራት ውጭ ይሁን። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የወንዞቹ አፍ በክረምት ከመረብ ነፃ እንዲሆን የሚቆጣጠረው ባለሙያ ሥራውን ዕለት በዕለት ይሥራ። እንግዳ የሚያጓጉዙ የጀልባ ነጂዎች ፎቶግራፍ ለማስነሣት ብለው ጎጆው ሥር አይግቡ፤ ወፊቱ ደንግጣ በተነሣች ቁጥር እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣልና።

ለተማሪዎች ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የዓሣ ምርምር ማዕከሉ በዚያው በሐይቁ ከተማ ይገኛሉ። አንድ መነጽርና አንድ ደብተር የያዙ ጥቂት ተማሪዎች በየዓመቱ የጎጆዎቹን ቁጥር፣ መታቀፍ የተጀመረበትን ቀንና በርረው የወጡትን ልጆች ብዛት ቢመዘግቡ፣ ደብተሩ ከአሥር ዓመት በኋላ የሐይቁን ጤና የሚናገር የታመነ ምስክር ይሆናል። የኮነቲከት ወፎች መጥፋት የታወቀው ቀድሞ የቆጠረ ሰው ስለነበረ ነው። ያልተቆጠረ ነገር ሲጠፋም አይታወቅም።

ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ዛሬ በእጃችሁ ያለው ማኅተም ወይም ደብተር ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ዓሣ አዳኟ ንስር 45 ቀን ስትታቀፍ ከሩቅ ለሚያያት ሥራ ፈት ትመስላለች፤ ሥራው ግን ያ ነው። የእናንተም ድርሻ ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ ውሃው እንዳይመረዝ፣ ጎጆው እንዳይረበሽ መጠበቅ ነው። ይህ ከሆነ እንቁላሉ በእግሩ ብቻ ሳይሆን በክንፉም ይሄዳል።