ዘጠና ሰጥቶ መቶ ሰማንያ መጠየቅ

«ወተት የሚያደርቀው ጭንቀት ነው፤ ዝም ብለሽ፣ ተረጋግተሽ አጥቢ።» እንዲህ ያሉት አንድ የተከበሩ የጤና ባለሙያ ናቸው፤ እንጦጦ ማርያም ክርስትና በተነሣች ሕፃን ድግስ ላይ፣ ዶሮውን አጣጥመው ሲያበቁ። እናትየዋ «ሥራ ስገባ ወተቴ እንዳይደርቅብኝ ፈርቻለሁ» ብላቸው ነበር። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ በሰው ድግስ ላይ መጨቃጨቅ ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። እዚህ ገጽ ላይ ግን ነውር አይደለም።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የሆነች እናት፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት ከወለደች በኋላ የሚፈቀድላት 90 ቀን ነው። የቀራት 10 ቀን! የተከራዩት ድንኳንና ሳህን ተመልሶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቢሮ ትገባለች። በዚያ ድግስ ላይ ሒሳብ የሠራች እሷ ብቻ ነበረች፤ ሒሳብ በመሥራቷም «ተጨናቂ» ተባለች።

ምክሩንማ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፣ እንገሩ አይደፋ፣ ቅቤ አይቅመስ፣ የአብሽ ውኃ አይሰጠው፣ ስድስት ወር ሙሉ ከእናት ጡት በቀር ምንም፣ ቀንም ሌሊትም ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ምክሩ ልክ ነው። ችግሬ ከመካሪዎቹ ጋር ነው፤ የራሳቸውን ትምህርት እስከ መጨረሻው አይሄዱበትም።

በየጤና ጣቢያው የሚያስተምሩት ይህንን ነው፦ ወተት የሚመረተው ሕፃኑ በጠባ ልክ ነው። ልጅ ሲጠባ የእናት አንጎል ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ይለቃል፤ ጡት ሳይጠባ ሞልቶ ከዋለ ደግሞ ሰውነት ፈላጊ እንደሌለ ቆጥሮ ምርቱን ይቀንሳል። እሺ። ከሽሮ ሜዳ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ታክሲ ሰልፍ ይዛ፣ 8 ሰዓት ሠርታ፣ ማታ 12 ሰዓት የምትመለስ እናት በየቀኑ ስንት ጊዜ ሳታጠባ ትውላለች? ሦስት ጊዜ? አራት? ወተቷ ባይቀንስ ነበር የሚገርመው። እናትየዋ የባለሙያውን የራሳቸውን ትምህርት ነው መልሳ የነገረቻቸው፤ እሳቸው ግን ከአፏ ሲሰሙት አላወቁትም።

«አልበሽ አስቀምጪ» የሚል ምክርም አለ። የት ሆና ትለብ? በብዙ መሥሪያ ቤት ለአንዲት እናት በሩ ከውስጥ የሚቆለፍላት ክፍል መጸዳጃ ቤቱ ብቻ ነው። ባለሙያው ምሳቸውን እዚያ ገብተው ተረጋግተው ይብሉና እንነጋገራለን። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል፤ ስለዚህ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ፍሪጁም መብራት ይፈልጋል። ልጇን ይዛ ትግባ ቢባልስ? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ያ ትእዛዝ የግሉን ድርጅት አይነካም ነበር።

ከደብሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እንጦጦን ካለበሰው ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ለእነዚህ 90ውም ቀን የለም፤ አንድ ቀንም የለም። ያልወረደ ሸክም አይሸጥም፣ ካልተሸጠ ራት የለም። ጀርባዋ ላይ ሸክም ስላለ ሕፃኑ ቤት ከታላቅ እኅቱ ጋር ይውላል፤ ሲያለቅስም እጅ ላይ የተገኘው ይሰጠዋል። እሷን «እረፊ፣ ፈሳሽ አብዢ» ለማለት ደፋር መሆን ይጠይቃል።

አያቶቻችን አራስ ማረፍ እንዳለባት ያውቁ ነበር። ግን «እረፊ» ብለው አይሄዱም፤ አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ አጥሚት ታፈላለች፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች። ማረፉ የሚገኘው ሌላ ሰው ሲሠራላት ነው። ዛሬ ገንፎው ቀርቶ ምክሩ ብቻ ተረፈ።

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ካሉ ሕፃናት 74 በመቶው፣ አራትና አምስት ወር ከሞላቸው ደግሞ 36 በመቶው ብቻ ጡት ብቻ እንደሚጠቡ አሳይቷል። አብዛኞቹ የገጠር እናቶች ልጆች ናቸው፤ እነሱንም ከእርሻና ከውኃ መቅዳት የሚያሳርፍ አዋጅ የለም። ጡት ብቻ ከሚጠቡት ግማሹ በአራት ወር ልዩነት ከመንገዱ ሲወጣ እናቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጨነቁ እንበል?

የወሊድ ፈቃዱ ይርዘም ሲባል «አሠሪ ሴት አይቀጥርም፣ ኪሳራ ነው» የሚለው ደግሞ ይመጣል። አዎ፣ የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ ከአሠሪው ካዝና እስከወጣ ድረስ አይቀጥርም ይሆናል። ሩዋንዳ በ2016 እ.ኤ.አ. የወሊድ ፈቃድ መድን አቋቁማ መዋጮውን ከሠራተኛው 0.3 በመቶ፣ ከአሠሪው 0.3 በመቶ አደረገችው፤ ወንዱም ሴቱም ያዋጣል። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ማስላቱ ከከበደው እናግዘው፦ ከ10,000 ብር ደመወዝ የሠራተኛው ድርሻ 30 ብር ነው፤ የአንድ ማኪያቶ እንኳ አይሞላም።