ላፕቶፕ ለሥራው ወይስ ለዓይን?



ከልጅነታችን ጀምሮ ሬዲዮ እየፈታን፣ ስልክ እየነካካን ላደግን ተማሪዎች አዲስ ላፕቶፕ ልብ ቢማርክ አይገርምም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚገዛልን በወላጅ ላብ ወይም ዐረብ አገር ባለች እህት ደመወዝ ነው። ገንዘቡ አማና ነውና ምርጫችን ከመልኩ ሳይሆን ከሥራው ይነሳ እንላለን።

መጀመሪያ የምንሠራበትን ፕሮግራም እንይ። ለምሳሌ ሶሊድወርክስ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ስለዚህ ማክቡክ የቱንም ያህል ቢያምር ለሜካኒካል ተማሪ አይመችም።

ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በታች ያለውን ረከሰ ብሎ መግዛት ትርፉ ድጋሚ ወጪ ነው።

ሦስተኛ፣ ተከፍቶ የሚሻሻል ይሁን። የብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራም ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ 8 ጊጋባይት የገዛ በ8 ይመረቃል። ለቢሮ ከተሠሩት ከቲንክፓድና ከላቲቲዩድ ግን ራምም ኤስኤስዲም የሚቀየርላቸው ብዙ ሞዴሎች አሉ። ያገለገለ ስንገዛ ዊንዶውስ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት እዚያው ሻጩ ፊት ከፍተን፣ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅም አሁን ከቀረው ጋር እናስተያይ።

የሚያብረቀርቅ ይዞ በፕሮጀክት ሰሞን የጓደኛ ላፕቶፕ ከመለመን፣ ያገለገለ ጠንካራ ይዞ ሥራን በጊዜው ማስረከብ ይሻላል። የተረፈውን ብር ደግሞ ለላከችልን እህት እንመልስላት።