«መቼ ነው የምትሄደው?»

በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለ አንድ የ17 ዓመት ልጅና በእሱ ዙሪያ ስለተወራው ወሬ ነው። ልጁ የታላቅ እህቴ ልጅ ነው። በቁመት አባቱን ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን በራቸውን የሚያልፈው ዝቅ ብሎ ነው። የሚኖሩትም እኔ ባደግሁበት ከተማ፣ መቱ ነው።

መስከረም ላይ ለበዓል ወርጄ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማና በበደሌ በኩል መቱ ለመድረስ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ደክሞኝ ከመኪና ስወርድ ሻንጣዬን የተቀበለኝ የሰፈር ልጅ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ኤንቢኤ እኮ ሊሄድልን ነው!» አለኝ። ኤንቢኤ የእህቴ ልጅ አዲሱ ቅጽል ስሙ ነው። በዚያ ሳምንት ወሬውን ያልሰማሁበት ቦታ የለም። ፀጉር አስተካካዩ ልጁ የሚገባበትን የአሜሪካ ኮሌጅ በስም ይጠራል። ከረንቡላ ቤት ያሉት ጎረምሶች ደመወዙን ሳይቀር ወስነውለታል። እህቴ ቤት ቡና ሊጠጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን «የኢሉባቦርን ስም የሚያስጠራ ልጅ!» ብለው ረዘም ያለ ምርቃት መረቁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ።

ማታ ከእህቴና ከባሏ ጋር ስንቀመጥ ነው እውነቱን የሰማሁት። ልጁ በትምህርት ቤቱ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ጓደኞቹ ቀርጸው በቲክቶክ ለቀውታል። ያንን ያየ አንድ ሰው በቴሌግራም ጻፈለት። «የአሜሪካ ኮሌጅ መልማይ ነኝ፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ አለህ» አለው። ለ«ፕሮሰስ» የሚከፈለው ግን 180,000 ብር ነው፤ ግማሹ ባስቸኳይ። የእህቴ ባል ያን ያህል ገንዘብ የለውም። ያለው ቡና ነው፤ ያውም ገና ያልተለቀመ። ነጋዴ አነጋግሯል፤ ዛፉ ላይ ያለውን ቡና በርካሽ ሊሸጥለት ተስማምቷል።

«ሰውዬውን አጣርታችኋል?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ የመለሰልኝ ነው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልጠፋው። «አንተ አዲስ አበባ ስለሆንክ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ቀረ ብል ለገንዘብ ሳስቶ የልጁን ዕድል ዘጋ ነው የሚሉኝ።»

ልብ በሉልኝ። ያን ገንዘብ ሊከፍል የተነሳው መልማይ ነኝ ባዩን አምኖ ብቻ አይደለም። ሰፈሩ አስቀድሞ ያከበረውን በዓል ማፍረስ ፈርቶ ጭምር ነው።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ወሬ ዕቃው ሳይኖር ገዢ እንደሚፈጥር አውቃለሁ። «በቅርብ ቀን» የሚል ማስታወቂያ የምንሰቅለውም ለዚሁ ነው። ምርቱ ካልተሳካ ግን ማስታወቂያውን እናወርዳለን፤ ማንም አይሞትም። ልጅ ላይ የተሰቀለ ማስታወቂያ እንዴት ይወርዳል?

ይህ የመቱ ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ምልመላ ራሱን የቻለ የደጋፊዎች ጨዋታ ነው። ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ በኮከብ ይመዘናል፤ ትልቁ 5 ኮከብ ነው። ጎልማሶች፣ የልጆች አባቶች፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ የትኛውን ኮሌጅ እንደሚመርጥ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ልጁ በቃሉ እሺ ካለ «የኛ ነው» ይባላል። ሐሳቡን ከቀየረ «ከዳን» ይሉታል፤ አንዳንዱም ስድቡን በቀጥታ ለልጁ ይልክለታል። የቃል እሺታ ግን ልጁንም ኮሌጁንም አያስርም። የሚያስረው የተፈረመ ወረቀት ነው። የእኛም ደጋፊ ከዚህ አይለይም፤ የዝውውር ወቅት ሲደርስ «ፈረመ»፣ «ሸሸ»፣ «ተሸጠ» እያልን የሰው ልጅ ላይ ስንፈርድ እንውላለን።

ታዲያ ዕድሉ ራሱ ውሸት ነው ወይ? አይደለም፤ የሚያጓጓውም እውነት ስለሆነ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቡድን አሜሪካን አስጨንቆ በአንዲት ነጥብ፣ 101 ለ100 ሲሸነፍ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከመቱ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ለሚያድግ ልጅ እነዚያ ተጫዋቾች የጎረቤት ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው ካማን ማሉዋች በዚያ ክረምት ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ሲጫወት ገና 17 ዓመቱ ነበር። ሩምቤክ ተወልዶ ኡጋንዳ አድጎ፣ ሴኔጋል በሚገኘው የኤንቢኤ አካዳሚ ተምሮ፣ ከዚያ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2025 እ.ኤ.አ. የኤንቢኤ የተጫዋቾች ምርጫም 10ኛ ሆኖ ተመረጠ።

የፌዴሬሽናቸው ፕሬዚዳንት ሉኦል ዴንግም በዚሁ በር ያለፈ ነው። ቤተሰቡ ከሱዳን ወደ ግብፅ፣ ከግብፅ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። በ14 ዓመቱ አሜሪካ ኒው ጀርሲ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። በዕድሜ እኩዮቹ መካከል ከሌብሮን ጄምስ ቀጥሎ ሁለተኛው ምርጥ ተብሎ የተወራለት ልጅ ነበር። እሱም በዱክ በኩል አልፎ በ2004 እ.ኤ.አ. 7ኛ ሆኖ ተመረጠ። የሁለቱንም ታሪክ ስታዩት ከኳሱ ጎን ለጎን የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ ትምህርት ቤት።

ትምህርቱ ካልተስተካከለ የሚሆነውን ደግሞ ማኑት ቦል ያሳየናል። ይህ 2 ሜትር ከ31 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የዲንካ ልጅ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የታጨው ለክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነበር። እንግሊዝኛው ስላልበቃው አንድም ጨዋታ ሳይጫወትላቸው ቀረ። በኋላም ዩኒቨርሲቲው ለእሱና ለሌሎች አፍሪካውያን ተጫዋቾች ከደንብ ውጭ ገንዘብ ሰጥቷል ተብሎ ተቀጣ። ቦል በብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ በኩል ዞሮ ኤንቢኤ ገባ እንጂ፣ መጀመሪያ ያንኳኳው በር በቁመት ብቻ አልተከፈተለትም።

አሁን ወደ መቱ ልመልሳችሁ። በማግስቱ ጠዋት የእህቴን ልጅ ይዤው ወጣሁ። ሦስት ነገር ጠየቅሁት። አሠልጣኙ ማን ይባላል? ከኮሌጁ አድራሻ የተላከ ደብዳቤ አለህ? ትራንስክሪፕትህን የጠየቀህ አለ? ሦስቱንም «የለም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እኔም እኮ እርግጠኛ አልነበርኩም። ግን ሁሉም ሰው በጣም ደስ ብሎት ነበር» አለኝ።

የኮሌጁን ድረ ገጽ አብረን ከፈትን። የአሠልጣኞቹ ስም ዝርዝር ላይ ሰውዬው የለም። ለስፖርት ክፍሉ አጭር ደብዳቤ ጻፍን። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ «ይህን ሰው አናውቀውም፤ ለማንም ገንዘብ እንዳትከፍሉ» የሚል ነበር። ልጁ መልሱን ለሰውዬው ሲልክለት ሰውዬው አገደውና ጠፋ።

ይህን የምጽፍላችሁ ነገ የናንተም ልጅ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ መልእክት ሊመጣ ስለሚችል ነው። ስለዚህ እነዚህን ያዙ።

እውነተኛ የኮሌጅ አሠልጣኝ ልጃችሁን ለመመልመል ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የትምህርት ማስረጃ ነው። በትልቁ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ምድብ ለመጫወት ልጁ በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን መጨረስና በእነሱም ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ማምጣት አለበት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ውጤት ይታያል ማለት ነው። በ12ኛ ክፍል ተነስቶ ያለፈውን ማስተካከል ከባድ ነው።

የተማሪ ቪዛ ለመጠየቅ አይ-20 የሚባል ቅጽ ያስፈልጋል። እሱን የሚሰጠው ተቀባዩ ትምህርት ቤት ራሱ ነው እንጂ ደላላ አይደለም። የቪዛው ክፍያም የሚፈጸመው በመንግሥታቸው የክፍያ መንገድ ነው። «በእኔ በኩል ክፈሉ» የሚል ሰው ከመጣ ቆም በሉ።

ስኮላርሺፕ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ዕወቁ። ሦስተኛው ምድብ ውስጥ ያሉ ኮሌጆች ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም። «ሙሉ ነው» ከተባላችሁ ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ፤ ትምህርቱን ብቻ ነው ወይስ መኝታና ምግብንም? ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ከዚያ በላይ? ጉልበቱ ቢጎዳስ? ደጋፊ «የት ፈረመ?» ብሎ ይጠይቃል። ወላጅ መጠየቅ ያለበት «ምን ላይ ፈረመ?» ብሎ ነው።

ቤተሰብ ለምን ለእንዲህ ያለው ወሬ በቀላሉ እንደሚሸነፍ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። በሩ እንዲህ ሲጠብ ሰው መስኮት መፈለጉ አይፈረድበትም። ግን መስኮቱም ጠባብ ነው። እዚያው አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሁለተኛ ደረጃ ቅርጫት ኳስ ከሚጫወቱ 100 ወንዶች ኮሌጅ ገብተው በትልቁ የኮሌጆች ማኅበር ውድድር የሚሰለፉት 3 ወይም 4 ብቻ ናቸው።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። ነገሩ ውሸት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ልጁ ሜዳ መውጣት አቆመ። ዳቦ እንዲገዛ ሲላክ እንኳ በጓሮ በኩል ይዞራል። ያገኘው ሁሉ «መቼ ነው የምትሄደው?» ይለዋላ። ጠያቂዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ልጁ ግን ምንም ሳያጠፋ ሰፈሩን ያሳፈረ መሰለው። የአባትየው ቡና ተረፈ፤ ልጁ ግን ጨዋታውን ሊያጣ ነበር።

ስለዚህ ለአዋቂዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። አንድ ጎበዝ ልጅ ስታዩ አጨብጭቡለት። ግን ዛሬ ስላገባት ኳስ አውሩ እንጂ ገና ስላልገባበት ኮሌጅ አታውሩ። ስታገኙትም «መቼ ትሄዳለህ?» ከማለት «ትምህርት እንዴት ነው?» በሉት። ይህች ጥያቄ ልጁ ቢሄድም ባይሄድም ትጠቅመዋለች።

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ደወልኩላት። ቡናው ቀልቶ ተለቅሟል፤ በወቅቱ ዋጋም ተሸጧል። ልጁ 12ኛ ክፍል ነው። ማታ ማታ ያጠናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እንደገና ሜዳ መውጣት ጀምሯል። ጎረቤቶቹ ግን ቡና ላይ ዛሬም መጠየቃቸውን አልተዉም አለችኝ።

«ምን ትያቸዋለሽ?» አልኳት።

«‹መቼ ነው የሚሄደው?› ሲሉኝ፣ ‹ነገ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ትምህርት ቤት› እላቸዋለሁ» አለችና ሳቀች።