በአዋሽና በሰመራ ግቢዎች ሣርን ስለሚቦረቡሩ እንስሳት

ከሰመራ ከተማ አንዲት የተከበሩ እመቤት የጻፉልን ደብዳቤ ደርሶናል። ባለቤታቸው ለመንግሥት ሥራ ከአዲስ አበባ ወደዚያ ተዛውረው ቤተ ሰቡ በስፍራው ከተቀመጠ ገና ዓመት አልሞላውም። እመቤቲቱም ከበረንዳው ፊት ሰርዶ አስተክለው፣ ፀሐይ ሲበርድ ልጆቻቸው የሚጫወቱበት አንድ ለምለም ስፍራ አበጅተዋል። ነገር ግን ከጥቂት ሳምንት ወዲህ ሣሩ እዚህም እዚያም ተቦርቡሮ፣ ታናሹ ልጃቸው ሲሮጥ እግሩ ከጉድጓድ ገብቶ ወድቋል። «ፍልፈል ገብቶብናል» ይላሉ እመቤቲቱ፤ «አንድ ወዳጃችን ለእህል ነቀዝ የሚደረገውን ክኒን አምጥተውልን በየጉድጓዱ ብትጨምሩበት በአንድ ሌሊት ያልቃል ብለውናልና እንዲህ ብናደርግ ይበጃልን?»

ለዚህ ጥያቄ ሳንውል ሳናድር «ክኒኑን አይንኩት» ብለን በአጭር ቃል መልሰንላቸዋል። ምክንያቱን ግን በሙሉ መጻፍ ለሌሎችም አንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን ስላሰብን ዛሬ በዚህ ገጽ እናወጣዋለን።

ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባል ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ጋዙ ከአየር ጥቂት ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ በአፈር ስንጥቅና በአይጥ መንገድ እየሾለከ ወደ ቤት መሠረት ይደርሳል፤ ከዚያም በወለሉ ቀዳዳ ወደ መኝታ ክፍል ሊገባ ይችላል። በዚህ መርዝ ለተያዘ ሰው መርዙን የሚያከሽፍ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ሐኪሞች ሊያደርጉ የሚችሉት ሰውነቱን እየደገፉ መጠበቅ ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዩታ ግዛት የሆነውን ነገር ለምሳሌ እንጥቀስ። ሣር የሚቦረቡሩ የሜዳ አይጦችን ለማጥፋት የተቀጠረ ባለሙያ ይህንኑ መርዝ ለቤት በጣም በቀረበ ጉድጓድ ውስጥ ቢጨምር፣ ጋዙ ወደ ቤት ገብቶ ሁለት እኅትማማች ሕፃናት ሞቱ። ከጥቂት ወራት በኋላ የአገሩ መንግሥት መርዙ በመኖሪያ ቤት ግቢ ፈጽሞ እንዳይደረግ፣ በሌላም ስፍራ ቢሆን ሰው ካለበት ሕንጻ 30 ሜትር እንዲርቅ አዘዘ። እንግዲህ ይህ የሆነው ፈቃድ ባለው ባለሙያ እጅ ነው። በወዳጅ ኪስ የመጣው ክኒንማ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

ክኒኑ አሁንም በቤት ካለ ደረቅ በሆነ፣ በተከደነ ዕቃ እንደ ታሸገ ልጆች ከማይደርሱበት፣ ሰውም ከማይተኛበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ከዚያም ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ይመለስ። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሽንት ቤት መጣል አይገባም፤ ውሃ ጋዙን ያስነሣዋልና። ማንም ሰው ቢነካው ወይም ቢሸተው፣ ከዚያም ራሱን ቢያመው፣ ቢያስታውከው፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል፤ የሰመራ ሰው ከሆነ የዱብቲ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ እንስሳው እንመለስ። እመቤቲቱ ፍልፈል ያሉት በአዲስ አበባ ልማድ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ያደገ ሰው በሣር ላይ የአፈር ቁልል ሲያይ የሚያስበው ዓይኑ ጥቃቅን፣ ጥርሱ ወደ ውጭ የወጣውን ፍልፈል ነው፤ አሳቡም በዚያ አገር ትክክል ነው። ትልቁ የፍልፈል ዓይነት በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኝ ሲሆን ቀይ ቀበሮ በእርሱ ይኖራል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ግን ከባሕር ወለል ወደ 1000 ሜትር ከፍታ፣ ሰመራም ከ500 ሜትር በታች የሆነ ቆላ ነውና የደጋው ፍልፈል እዚያ አይኖርም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ሌላ ጠጉር የሌለው፣ ቆዳው የተሸበሸበ ዓይነት አለ፤ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1842 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቀው ከሸዋ በተገኘ አንድ እንስሳ ነው። ይህ ፍጥረት እንደ ንብ በአንዲት ንግሥት ሥር ተሰብስቦ የሚኖር፣ ዕድሜውም ከ30 ዓመት የሚያልፍ ስለሆነ ዛሬ ሊቃውንት በየአገሩ ያጠኑታል። የሚበላው ግን የዱር ተክል ሥር ስለሆነ የሰርዶን ሣር አበላሸ ተብሎ ሊከሰስ አይገባውም።

ስለዚህ መርዝም ሆነ ወጥመድ ከመፈለግ በፊት ማን እንደ ቆፈረ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ሦስት ጣት ያህል ሰፍቶ፣ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው በሣሩ መካከል የተረገጠ ቀጭን መንገድ ቢታይ፣ የሣር አይጥ ነው። ይህ አይጥ በቀንም ስለሚወጣ ጠዋት በበረንዳ ተቀምጦ ዝም ብሎ መመልከት ይበቃል። ጉድጓዱ ሰፋ ብሎ፣ በኋላ እግሩ ቀጥ ብሎ የሚቆምና ጅራቱ ጠጉራም የሆነ እንስሳ በቀን ብርሃን ቢወጣ፣ የመሬት ሽኮኮ ነው፤ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የገባ ሰው ሁሉ አይቶታል። በሌሊት ሥሩ ተነቅሎ፣ በስፍራው ጥቁርና ነጭ እሾህ ወድቆ ቢገኝ፣ ጃርት ነው። ሣሩ እንደ ታረሰ ተገላብጦ ቢታይ ግን ከርከሮ ነው፤ የዚህ ፈውሱ ጠንካራ አጥር ብቻ ነው። በፓርኩ አጠገብ ለሚኖሩ የአዋሽ ሰዎች አንድ ነገር እናሳስባለን፤ ከርከሮውም ሽኮኮውም የመንግሥት ጥበቃ ያለበት አገር እንስሳ ነውና አስወጥቶ መከልከል እንጂ መግደል አይገባም።

ከጣት የማይሰፋ ቀዳዳ ሆኖ፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ አፈሩ እንደ ሥር ተለቅቆ ከፍ ያለ መሥመር ቢያወጣ፣ በመሬት ውስጥ የሚኖር የፌንጣ ዘመድ ነው፤ የፊት እግሩ እንደ አካፋ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በአራት ሊትር ውሃ በጥብጦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሚሆን ስፍራ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ካለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይወጣልና እየለቀሙ ለዶሮ መስጠት ይቻላል። ሣሩ ደርቆ በላዩ የጭቃ ልባስ ቢታይ ምስጥ ነው፤ ይህ ሌላ ርእስ ስለሆነ በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

እግረ መንገዳችንን፣ ቀዳዳ ሁሉ የእንስሳ እንዳይመስላችሁ። ሰርዶ የተባለችው ከተማ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመሬት መናወጥ እንደ ፈረሰች ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። በ2017 ዓ.ም.ም ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር እየተንቀጠቀጠች ተሰንጥቃ፣ ቤት ፈርሶ ብዙ ሰው ከቀዬው ተነሥቷል። ስለዚህ ረጅም ስንጥቅ በግቢ ቢታይ ነገሩ የአይጥ አይደለምና ለቀበሌው ማስታወቅ ይገባል።

የእመቤቲቱ እንግዳ ደብዳቤያቸው እንደሚያስረዳው የሣር አይጥ ነው። እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ማታ ማታ ጉድጓዱን ሁሉ በአፈር ይድፈኑት፤ በማግሥቱ የተከፈተው ሰው ያለበት ቤት ነው፤ ያልተከፈተው ባዶ ነውና እንደ ተደፈነ ይቅር። በዚህ ሥራ እጅን ወደ ጉድጓድ መስደድ ክልክል ነው፤ በዚያ አገር ጊንጥና እፉኝት ከአይጥ ጋር ቤት ይጋራሉ። ደግሞም የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ጥቃቅን ዝንብ በአይጥ ጉድጓድና በመሬት ስንጥቅ ትጠለላለች፤ እርስዋም በመተማና በሑመራ ብዙ ሰው የጐዳውን የካላአዛር በሽታ የምታስተላልፍ ናት። ስለዚህ ጉድጓድ መድፈኑ ለሣሩ ውበት ብቻ አይደለም።

የተከፈቱት ከታወቁ በኋላ ወጥመድ ከአይጡ መንገድ ላይ በአግድም ይቀመጥ፤ ማባበያው የተቆላ ኦቾሎኒ ተወቅጦ ቢሆን ከዳቦ ይሻላል። ወጥመዱንም ሁለት ቀዳዳ ባለው የእንጨት ሣጥን መክደን ይገባል፤ አለዚያ የሚያዘው ወፍ ወይም የልጅ ጣት ይሆናል። የሞተውን አይጥ በጓንት አንሥቶ በጥልቅ መቅበር ነው።

ውሃ በጉድጓድ ስለ መልቀቅ ብዙ ሰው ይመክራል። እኛም አዋሽ በተቀመጥንበት ዘመን ይህን ብልሃት ሞክረነዋል። የጎማውን ቧንቧ ከትተን አንድ ሰዓት ያህል ብንጠብቅ ከጉድጓዱ የወጣው አንድ እንቁራሪትና አንድ የተቆጣ ጊንጥ ነበር፤ ውሃው ግን በሌላ በኩል ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ብቅ አለና ግድግዳው ወደ ጎን ሰመጠ። ከዚያ ወዲህ በውሃ አይጥ ለማስወጣት አልሞከርንም። በሰመራም ውሃ እንዲህ የሚባክን ነገር አይደለም።

ዋናው ነገር ግን አይጡ ለምን መጣ የሚለው ነው። በደረቅ አገር መካከል ዘወትር የሚጠጣ አንድ ለምለም ሣር ማበጀት ለአካባቢው ፍጥረት ሁሉ ጥሪ መላክ ነው። በዱብቲና በአሚባራ በመስኖ የሚለማው እርሻ ሰብሉ ሲነሣና ሲታረስ አይጡ ወደ ግቢ ይሸሻል። ስለዚህ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠገን፤ የዶሮ እህል ማታ አይደር፤ የድንጋይና የእንጨት ክምር ከሣሩ ይራቅ፤ ሣሩም አጥሮ ይታጨድ፤ አይጥ መደበቂያ ከሌለበት ሜዳ መሻገር ይፈራልና። ውሃውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማጠጣት ጎሕ ሲቀድ በብዙ አጠጥቶ ቀናት ማሳለፍ ይሻላል፤ ሰርዶ ይህን ይችላል። በአጥሩ ሥር ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍሮ፣ ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ የሽቦ ወንፊት መቅበርና እግሩን ወደ ውጭ ማጠፍ ወጪ ቢኖረውም ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ጉድጓድ ለመድፈን የእሾህ ቅርንጫፍ የሚጠቀሙ፣ በ1970ዎቹ ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባውንና ዛሬ ግጦሹን የወረሰውን ፕሮሶፒስን ቢቆርጡ መልካም ነው፤ ፍሬው ያለበትን ግን ወደ ግቢ አያግቡ፤ ይበቅላልና።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን የአይጥ መርዝ ስለ መጠቀምም ጠይቀውናል። ይህ ከክኒኑ ይሻላል፤ ሐኪም በቫይታሚን ኬ ሊመልሰው ይችላል። ነገር ግን በሰመራ የጎረቤት ፍየል በተከፈተ በር ገብታ የፈሰሰ እህል ሳትቀምስ አትወጣም፤ ለአፋር ቤተ ሰብ ደግሞ ፍየል የልጆች ወተት ናት። የተመረዘ አይጥ የበላች ጉጉትም ትሞታለች። ሕዝባችን ጉጉትን ክፉ ወሬ አብሳሪ እያለ ይረግማታል እንጂ በሌሊት አይጥ የሚለቅምለት ሌላ ማን አለ? ስለዚህ መርዙ የግድ ቢያስፈልግ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ብቻ ይሁን፤ አስቀድሞም ለጎረቤቶች ይነገር። የአፋር ሰዎች ዳጉ በሚሉት የወሬ ልማዳቸው ጉዳዩ ከፀሐይ መግቢያ በፊት ለሁሉ ይደርሳል። ያን ጊዜ ጎረቤቶቹም በአንድ ቀን በየግቢያቸው ጉድጓዱን ቢደፍኑ፣ አይጡ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው መዛወሩ ይቀራል።

በመጨረሻ፣ እመቤቲቱ ካልተቀየሙን አንድ አሳብ አለን። ሜዳው ከበረንዳው እስከ አጥሩ መሆኑ ቀርቶ ለልጆቹ የሚበቃ ስምንት በስምንት እርምጃ ቢሆንና ዙሪያው ጠጠር ቢለብስ፣ በጠጠሩም ዳር ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ቢተከል፣ ጉድጓድ ቢቆፈር በዚያው ቀን ይታያል፤ የውሃውም ሂሳብ ይቀንሳል። ጉድጓዶቹን ከደፈኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንቱ እንደ ተከፈተ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።