ጀርባውንም ገልብጡልን

ለተከበራችሁ የድሮ ፎቶ ሰብሳቢዎች፣

ሐይቅ ድረስ መጥታችሁ በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለውን ፎቶ በስካነር እያነሳችሁ መመለሳችሁ ደግ ሥራ ነው። ቅሬታዬ አሠራራችሁ ላይ ነው። ፊቱን ታነሳላችሁ፣ ጠርዙን ትቆርጣላችሁ፣ ጀርባውን ሳታዩ ዓመት ትጽፉለታላችሁ። የቅድመ አያቴን ፎቶ «1906 ዓ.ም» ብላችሁታል። ጋሻውንና ካባውን ስታዩ የንጉሥ ሚካኤል ንግሥ ትዝ ብሏችሁ ይሆናል።

እኔ ፎቶውን ይዤ የብር መፈተሻ መብራት ያለው ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ሐሰተኛ ብር የያዝኩ መስሎት አፈጠጠብኝ። መብራቱ ሲበራ ነጩ ጠርዝ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። እንዲህ የሚያበራው ወረቀቱ ነጭ እንዲመስል የሚጨመርበት ኬሚካል ነው፤ በዱቄት ሳሙና ውስጥም አለ። ፎቶ ወረቀት ውስጥ የገባው በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ነው። ያ ወረቀት እንግዲህ ንጉሥ ሚካኤልን አልደረሰባቸውም። (አላበራም ማለት ግን አሮጌ ነው ማለት አይደለም፤ ኬሚካሉ ያልገባበት ወረቀት በኋላም ተሠርቷል።)

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሉዊስ ሃይን በፈረንጆች 1940 ሞተ። በሕይወቱ ሳለ ታተሙ ተብለው በውድ ከተሸጡት ፎቶዎች አንዳንዶቹ በዚያው አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲመረመሩ እንደዚሁ አበሩ፤ ከሞተ በኋላ የታተሙ ነበሩ ማለት ነው።

የእኛ ቤቱ ግን ሐሰት አይደለም። ሰውየው ቅድመ አያቴ ናቸው፤ ወረቀቱ ነው የልጅ ልጃቸው ዘመን። ሥዕሉ የተነሳበትና ወረቀቱ የታተመበት ዓመት ሁለት መሆኑን መለየት ያቅታል? ለሐይቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም ለሐይቅ ገዳም ያስጻፉት ወንጌል ባዶ ቦታው ላይ ኋላ የመጡ እጆች ማስታወሻ ጨምረውበታል። ወንጌሉ የ1273 ስለሆነ ማስታወሻው ሁሉ የ1273 ነው የሚል ሊቅ የለም፤ የእጁን ጽሕፈትና ቀለሙን ይለያል እንጂ።

ከሁሉ የከፋው ላሚኔት ማድረጋችሁ ነው። እንዳይበላሽ ብላችሁ መሆኑ ይገባኛል። ግን በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ፎቶውን ሳይጎዳ አይላቀቅም፤ ወረቀቱን መዳሰስም ሆነ ውፍረቱን መለካት ከዚያ በኋላ የለም።

አክስቴን ጠየቅኋት። «አሮጌው ተቀዶ፣ ለአባባ ተዝካር ደሴ ወስደን ፎቶ ከፎቶ አስነሳነው» አለችኝ። ገልብጬ ሳይ በእርሳስ ተጽፏል፤ ቀኑም፣ ያስነሳው ሰው ስምም አለ። እናንተ ፎቶውን ይዛችሁ ስትቀመጡ አክስቴ ቡና እያፈላች አጠገባችሁ ነበረች።

ስትመለሱ ጀርባውንም አንሱ። «1906» የሚለውንም አጥፉልን።